የኢቬረን ምዝገባ አርብ ይዘጋል

«እስቲ እንደገና በይልኝ» አለች ኢቬረን፣ ከትራሷ ቀና ለማለት ሞክራ ሲያቅታት።

እናቷ ካሺማና ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ እያበሰች የተነገራትን ቃል በቃል ትወጣው ጀመር። «መጀመሪያ ካሪኦቨሮቹ ይግቡ። ካሪኦቨር ማለት ወድቀሽ የምትደግሚው ኮርስ ነው፤ ሁለት አለብሽ። ከዚያ የዘንድሮዎቹ ይግቡ። ድምሩ ከሃያ አራት ክሬዲት አይለፍ። ቅጹ ይታተም፤ አማካሪው ይፈርምበት።»

«ዲፈርመንት ትውሰድ ካሉሽስ?»

«እምቢ እላለሁ።»

«ምንድን ነው ዲፈርመንት?»

«ማባረር ነው፤ በጨዋ ቋንቋ።»

«ጎሽ እማዬ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። «ብቻ አስመዝግቢኝ። ከተመዘገብኩ ከዚህ አልጋ እነሳለሁ። ሙች ብዬሻለሁ፣ እነሳለሁ።»

እንግዲህ እናት እንዲህ ከተባለች ምን ታድርግ? ካሺማናም ራሷን በጨርቅ አሰረች፣ የሆስፒታሉን ካርድና የልጇን መታወቂያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የበርበሬ ሾርባውን ለጎን አልጋ አስታማሚ አደራ ብላ ወጣች። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ምዝገባው አርብ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በእኛ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሆነህ ብታለቅስ፣ ብትንበረከክ፣ ጳጳስ ይዘህ ብትመጣ የሚሰማህ የለም።

ካሺማናን በሰፈራችን በዋዳታ የማያውቃት ሰው ካለ ዓሣ የማይበላ ነው። ከወንዙ ዳር ዓሣ ታጨሳለች። ባሏ ሌላ አግብቶ ወደ ግቦኮ ከተማ ከሄደ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያው በጭሱ መሐል ነው፣ ለብቻዋ። ሁለቱም አንድ ዓይነት የደም ሕመም ይዘው ተወለዱ። ተኝቶ ይከርምና፣ ብርድ ሲነካቸው ወይም ሲደክማቸው፣ ድንገት ተነስቶ አጥንት ውስጥ ይገባል። ታላቁ ልጅ ኦርዱዌን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ተነሳበት፤ ትምህርት ቤቱ «እስኪሻለው ቤቱ ይረፍ» ብሎ ላከው፤ አረፈ፤ በዚያው ቀረ። ቀባሪው ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቅ ካሺማና «ወባ ነው» አለች።

ለምን ብትሉ፣ ለኢቬረን ብላ ነው። የወንድሟ ደም ከታወቀ የሷም ይታወቃል፤ ከታወቀ ማን ያገባታል፣ ማን ያስጠጋታል? ከዚያ ወዲህ ኢቬረን ስትተኛ ወባ ነው፣ ከትምህርት ስትቀር ወባ ነው፣ ሌሊት ስትጮህ አድራ ጎረቤት ቢጠይቅ ወባ ነው። እኛም ሞኞች አይደለንም፤ እናውቅ ነበር። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ሰው ወባ ነው ካለ ወባ ነው፤ ሌላ ነገር ነው ብሎ የሚከራከር ባለጌ ይባላል። ልጅቷም ከእናቷ ተምራ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። የዚያን ዕለት ጠዋት ሐኪሙ ካሺማናን ወደ ኮሪደር ጠርቶ የልጇ የዳሌ አጥንት መጎዳቱን ነግሯታል። በእግሯ ለመቆም ወራት ይፈልጋል አላት፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል አላት፤ ያን «ከዚያም በላይ» ሲል ጫማውን ነበር የሚያየው። ካሺማና ሰማች እንጂ አላመነችም። ልጇ እነሳለሁ ብላለች፤ የሚያስነሳትም ምዝገባው ነው። ከዚህ ሌላ የያዘችው ተስፋ አልነበራትም።

በባጃጅ የወንዙን ድልድይ ተሻግራ ዩኒቨርሲቲው ስትደርስ የምዝገባ ሳምንት ነበርና ግቢው ግቢ አይመስልም። ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ኔትወርክ መጣ ሲባል ሁሉም ይሮጣል፣ ሄደ ሲባል ሁሉም ይሳደባል። የኢኔዱ ኢንተርኔት ቤት በር ላይ ተማሪው ተደራርቦ ቆሟል። ኢኔዱ ራሱ ተማሪ ሆኖ አያውቅም፤ ነገር ግን የግማሹን ዩኒቨርሲቲ ኮርስ የሚመዘግበው እሱ ነው፤ ምን መማር እንዳለባቸው ከአስተማሪዎቻቸው ይልቅ እሱን ነው የሚጠይቁት።

«ማማ፣ የሚመዘገበው የት አለ?» አላት ወረፋዋ ሲደርስ።

«ልጄ ናት። ወባ ይዟት ነው።»

«ወባማ እኔንም ይዞኛል። መታወቂያዋን ወዲህ በይ።»

ቁጥሩን አስገባ። ኮምፒውተሩ ሲያስብ ቆየ። ከዚያ ኢኔዱ በከንፈሩ አፏጨ።

«ልጅሽ ጠንክራለች ማማ። ሰባት ካሪኦቨር።»

«ሁለት ነው» አለች ካሺማና።

«ሰባት ነው።»

«እሷ ናት የነገረችኝ። ሁለት ነው ያለችኝ። ደህና አድርገህ እይ።»

ኢኔዱ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረና በጣቱ እየነካ ቆጠረላት። ሰባት ነው። «ሰባቱ ሃያ አንድ ክሬዲት ይበላሉ። ከዘንድሮው የሚገባልሽ አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ላስገባ ወይስ ሌላ ሰው ላስተናግድ?»

ከኋላዋ ያሉት ተማሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ካሺማና ነገር ዓለሙ ዞረባት። ማሽን ይሳሳታል እንዳትል ሰባቱንም በዓይኗ አይታለች። ልጄ ትዋሻለች እንዳትል፣ ያንን ማሰብም አልፈለገችም። «አስገባ» አለች። ኢኔዱ አስገባ፣ አተመ፣ ቅጹን ሰጣትና «የክፍል ተወካያቸው ማንጎው ሥር ነው፤ ለሱ ስጪው፤ እሱ ያስፈርማል» ብሎ የሚቀጥለውን ጠራ።

ይህ ማስፈረም የሚባለው ነገር እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ደንቡ እያንዳንዱ ተማሪ አማካሪው ፊት ቁጭ ብሎ፣ ይህን ኮርስ ለምን ወሰድክ፣ ያኛውን ለምን ጣልክ፣ ይህ ያለዚያኛው አይወሰድም እየተባለ እንዲማከር ነው። አማካሪ የተባለውም ለዚያ ነው። በተግባር ግን የክፍሉ ተወካይ ቅጹን ሁሉ ይሰበስብና እንደ ሰሌን ጠቅልሎ ይዞ ይገባል፤ አማካሪው ስልክ እያወራ ከላይ እስከ ታች ይፈርማል፤ ተወካዩ ይዞ ይወጣል። ሁሉም ተመችቶታል። ተማሪው አማካሪ ፊት ከመቅረብ ይድናል፣ አማካሪውም ተማሪ ከማየት ይድናል። ይኸው ነው የእኛ ነገር፤ ደንቡን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፣ ሥራውን በሌላ በር እንሠራዋለን።

የኢቬረን ክፍል ተወካይ ተርኪምቢ ይባላል። ረጅም፣ ሸሚዙን አስተካክሎ የሚለብስ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ታላቅ ሰው የሚያናግር ልጅ ነው። ካሺማና የማን እናት እንደሆነች ስትነግረው ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ።

«ኢቬረን እንዴት ናት? ስልክ ብደውል አታነሳም። ክፍሉ ሁሉ ይጠይቃታል» አለና፣ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም እጠይቃታለሁ» አለ።

«ወባ ነው። ይሻላታል።»

«አይዞዎት ማማ። ቅጹን ይስጡኝ፤ እዚሁ ክምር መሐል እከትላታለሁ። አማካሪያችን ዶክተር አካሃን ማን መጣ ማን ቀረ ብለው አያውቁም። አምናም እኔ ነኝ ያስፈረምኩላት።»

ካሺማና ቅጹን ልትሰጠው ዘርግታው ነበር። እጇ እዚያው ቀረ።

«አምና?»

«በሁለተኛው ሴሚስተር። አልመጣችም ነበር እኮ፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ራሴ አስሞልቼ ከክምሩ መሐል ጨመርኩላት። ማንም አላወቀ።»

«ፈተናውስ?»

ተርኪምቢ ወደ ማንጎው ቅጠል አየ። «ፈተናውን . . . አልነገረችዎትም እንዴ?»

አምና በዚያ ሰሞን ኢቬረን ሆስፒታል ነበረች። እናቷ ፈተናሽስ ስትላት «ዩኒቨርሲቲው በኋላ ለብቻዬ ይፈትነኛል» አለቻት። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም አንድ ቀን ተነስታ ልብሷን ለብሳ «ልፈተን ነው» ብላ ወጥታ ማታ ተመልሳለች። የት ውላ ይሆን? ካሺማና ቆማ ያንን ቀን አሰበችው። እግሯን እየጎተተች ከቤት ወጥታ፣ የሆነ ቦታ ለብቻዋ ተቀምጣ ውላ፣ ተፈትኜ መጣሁ ያለቻት ልጅ።

ቅጹን ወደ ደረቷ መለሰችው። «እኔ ራሴ እገባለሁ።»

«ማማ፣ ባይገቡ ይሻላል» አለ ተርኪምቢ ደንግጦ። «አማካሪ ፊት የቀረበ ሰው ጣጣ ይዞ ነው የሚወጣው።»

«ጣጣውማ ይኸው በእጄ ነው» አለችና ወደ ሕንፃው አቀናች። ልጁም ክምሩን አቅፎ ተከተላት።

ዶክተር አካሃን ጠረጴዛው ላይ ኦቾሎኒ በትኖ እየፈለፈለ ይበላ ነበር። ሃምሳ ያለፈው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ቀና ሳይል «ተርኪምቢ፣ እዚያ አስቀምጥና እስክሪብቶ አምጣ» አለ። ቀና ሲል ካሺማና ቆማለች።

«የወላጆች ቀን ነው እንዴ ዛሬ?»

«ልጄን ላስመዘግብ ነው ዶክተር። ኢቬረን ትባላለች። ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ የእርስዎ ተማሪ ናት።»

«ኢቬረን . . .» ብሎ ስሙን ቢያስበው ፊት አልመጣለትም። ቅጹን ተቀብሎ ኮምፒውተሩን ነካካ። ሲያነብ ኦቾሎኒ መፈልፈሉን ተወ።

«ይቀመጡ እናቴ።»

ተቀመጠች። ተርኪምቢ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አምና ሰባት ኮርስ ተመዝግባ አንዱንም አልተፈተነችም። የት ነበረች?»

«አሟት ነበር። ሆስፒታል ነበረች።»

«ታዲያ ታማ ሳለች ማን ነው ያስመዘገባት?» አለ፤ መልስ ሳይጠብቅም ቀጠለ። «ይስሙኝ፣ በቀስታ ልንገርዎት። አንድ ሰው ካልተመዘገበ፣ ኮርሱን አላየውም፣ አያውቀውም፤ እንዳልነበረ ነው። ከተመዘገበ በኋላ ካልተፈተነ ግን ዜሮ ነው። የልጅዎ ሰባቱም ዜሮ ነው። እነዚያ ዜሮዎች የድሮ ውጤቷን ሁሉ ጎትተው አወረዱት። አሁን ያለችው በማስጠንቀቂያ ነው፤ ፕሮቤሽን እንለዋለን። ዘንድሮ ከፍ ካላደረገችው ስሟ ከዩኒቨርሲቲው ይሰረዛል። ከተሰረዘ አይመለስም።»

«ዘንድሮ ትፈተናለች።»

«ፈተናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ትቆማለች በስድስት ሳምንት?»

ካሺማና የሐኪሙ ጫማ ትዝ አላት። «ትቆማለች» አለች።

ዶክተር አካሃን ቅጹን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «እናቴ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት አይንገሩኝ። ይህን ቅጽ አሁን ብፈርም፣ ልጅዎ ባትመጣ፣ ያባረርኳት እኔ ነኝ ማለት ነው። ዲፈርመንት ትውሰድ።»

«እምቢ።»

«እንዴት እምቢ?»

«እምቢ ነዋ። ማባረር ነው።»

«ማን አለዎት?»

«እሷ።»

ሰውየው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ማባረር አይደለም። ዓመቱን ማስቆም ነው። ይህ ዓመት አይቆጠርባትም፤ ኮርስ የለ፣ ፈተና የለ፣ ዜሮ የለ። ስሟ መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ በዓመቱ ትመጣና ካቆመችበት ትጀምራለች። ግን ጥያቄው መግባት ያለበት ምዝገባው ሳይዘጋ ነው። ነገ ካለፈ እኔም አልችልም። ልጅዎ ደግሞ ይህን ታውቃለች፤ በመጀመሪያው ዓመት መጀመሪያ ቀን ነው የምንነግራቸው።»

ታውቃለች። ካሺማና ይህን ስትሰማ በልጇ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ገባት። ኦርዱዌንን ትምህርት ቤቱ ቤትህ እረፍ ብሎ ሲልከው ኢቬረን አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ደብተሮቹን ተሸክማ ከትምህርት ቤት ያመጣችለት እሷ ነበረች። ለዚህች ልጅ እረፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእናቷ በቀር ማን ያውቃል?  አሁን ማንን ትስማ? ካስመዘገበቻት ልጅቷ ዛሬ ደስ ይላታል፣ በስድስት ሳምንት ስሟ ይሰረዛል። ካስቆመችላት ስሟ ይተርፋል፣ ልጅቷ ግን ዛሬውኑ ተስፋ ትቆርጣለች። ይህንን ምርጫ ለጠላት አይስጠው።

«ሌላ መንገድ የለውም?» አለች።

«የለውም። ምክንያቱን ልጻፍ፤ ሕመሟ ምንድን ነው?»

«ወባ ነው።»

ዶክተር አካሃን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በወባ ዓመት አይቆምም። በወባ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ይህ ግቢ ባዶ በሆነ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ስቆብኝ ነው የሚመልሰው። ወባ ካልሆነ ይንገሩኝ፤ ወባ ከሆነም ልፈርምና ይሂዱ።»

ካሺማና ዞር ስትል ተርኪምቢ ክምሩን እንዳቀፈ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ውጣልኝ ልትለው ትችል ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፣ ይወጣል። ነገር ግን እሱ እስኪወጣ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሐሳቧን እንደምትለውጥ አውቃዋለች፤ ለስንት ዓመት የተቆለፈ አፍ ሁለት ጊዜ አይከፈትም። እሱ እያለ ተናገረችው። የደሙን ሕመም ስም ጠራችው። ሁለቱም ልጆቿ እንደተወለዱበት፣ ወንዱን እንደገደለው፣ አሁን ደግሞ የሴቷን ዳሌ እንደበላው ተናገረች። ከቦርሳዋ የሆስፒታሉን ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። 

ሰውየው ካርዱን አንስቶ አነበበው።

«አምና የዚህችን ልጅ ቅጽ ያመጣኸው አንተ ነህ?» አለ ዶክተር አካሃን ወደ በሩ።

«እኔ ነኝ ዶክተር።»

«የፈረመውስ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው የኦቾሎኒውን ገለባ በእጁ ጠርጎ ቅርጫት ውስጥ ጣለ።  ካሺማና ደሟ ፈልቶ ነበር። «አንድ ሴሚስተር ሙሉ ወንበሯ ባዶ ሆኖ አልታየዎትም?» አለችው። «ከእናንተ መሐል ይህቺ ልጅ የት ሄደች ያለ አንድ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም» አለ ዶክተር አካሃን። ከዚያ ደብዳቤውን ራሱ መጻፍ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ለጸሐፊዋ የሚሰጠውን ሥራ በእጁ ጻፈ፤ ከሆስፒታሉ ካርድ ጋር አያይዞ፣ ማህተም አስመትቶ፣ ለሬጅስትራር በራሱ እግር ይዞ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ካሺማና የወላጅ ፊርማ በሚለው ቦታ ስሟን ጽፋ ነበር። ከስሟ በላይ «ተማሪዋ በዚህ ዓመት ትምህርቷን ለመከታተል እንደማትችል አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ዶክተሩ አንብቦላታል። 

ተርኪምቢ እስከ ግቢው በር ሸኛት። መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። በሩ ላይ ሲደርሱ «ማማ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር» አለ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«አውቃለሁ ልጄ» አለችው።

«መጥቼ ልያት?»

«እሷን ሳልጠይቅ እሺ አልልህም።»

በባጃጅ ስትመለስ፣ ውሸት እየመጣ አግባባት። ተመዝግበሻል ብትላትስ? ማን ይነግራታል? ልጅቷ ትስቃለች፣ ሾርባዋን ትጠጣለች፣ ምናልባት እውነትም ትነሳ ይሆናል። እስከ ፈተናው ድረስ ማን ያውቃል ምን እንደሚሆን። ውሸቱ እንዴት እንደሚባል ሁሉ አሰበችው፤ ቅጹን ዶክተሩ ጋ ተውኩት ትላታለች። ለዚህ ለዚህ የተካነች ሴት ናት። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ ግን እነዚያ ሰባት ኮርሶች ፊቷ ላይ መጡ። ልጇ የዋሸቻት ከማን ተምራ ነው? መልሱን ስለምታውቀው ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለገችም።

ክፍሉ ስትገባ ኢቬረን ነቅታ በሩን ስትጠብቅ ነበር። የጠዋቱ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ኃይሉን ጨርሷል፤ ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች።

«ተመዘገብኩ?»

ካሺማና ቦርሳዋን አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አልተመዘገብሽም። ዓመቱን አስቆምኩልሽ።»

ኢቬረን አልገባት ይመስል አየቻት። «እምቢ በይ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሰባቱን ኮርስ አየሁት።»

ልጅቷ ፊቷን ልትሸፍን እጇን አነሳች፤ እጇ ላይ የተሰካው የግሉኮስ መርፌ ስቦ ያዛት። «ምን ብለሽ አስቆምሽው? በወባ አያስቆሙም እኮ።»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ለማን?»

«ለዶክተሩ።»

«ለሱ ብቻ?»

ካሺማና ፎጣውን አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ኢቬረን አልለቀቀቻትም። «ሌላ ማን ነበር እማዬ? ማን ነበር እዚያ?»

«ተርኪምቢ ነበር።»

ኢቬረን ዳሌዋን ማንቀሳቀስ አትችልምና አንገቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች። ካሺማና ቁጭ ብላ ማጅራቷን አየች። ከስታለች። የጎን አልጋዋ አስታማሚ ሾርባውን ልታቀብላት ተነስታ ሁኔታውን ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሊሰርዙሽ ነበር» አለች ካሺማና፤ ድምፅዋን እያለዘበች። «ፈርሞልሽ ቢሆን በስድስት ሳምንት ይሰርዙሽ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። አሁን ሌላ ዜሮ አይጨመርብሽም። ስምሽ መዝገቡ ላይ አለ። ዓመት ሙሉ ይጠብቅሻል።»

«ስሜ ይጠብቃል» አለች ኢቬረን ለግድግዳው። «እኔስ?»

ካሺማና አፏን ከፈተች። ትድኛለሽ ልትል ነበር፤ ያልፋል ልትል ነበር፤ ይህን ቃል እድሜ ልኳን ስትለው ኖራለች፣ ሳታስበው ይወጣል። የዚያን ዕለት ግን አልወጣም። በወላጅ ፊርማ ቦታ ስሟን የጻፈች ሴት ናት፤ ከስሟ በላይ ያለውንም ሰምታዋለች።

«አላውቅም ልጄ» አለች።

ኢቬረን አንገቷን መለሰች። እናቷን አየቻት፣ ብዙ ቆይታ አየቻት።

«ለኦርዱዌን ትድናለህ ትይው ነበር» አለች። «የመጨረሻው ቀን እንኳ ትድናለህ አልሽው። እኔ ምንጣፉ ላይ የተኛሁ መስዬ እሰማችሁ ነበር። እሱ እንደማይድን ያውቅ ነበር እማዬ፤ አንቺ እንዳታዝኚ ብሎ ነው እሺ ያለሽ። ለብቻው ነው የፈራው።»

ካሺማና ይህን አታውቅም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ ተስፋ እንዳለው ሞተ ብላ የተጽናናችበት ነገር እንዲህ በአንድ ጊዜ ተወሰደባት። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«አንቺስ ትፈሪያለሽ?» አለቻት።

«በጣም እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች ካሺማና።

ከዚያ ዳሌዋን እንዳትነካባት ተጠንቅቃ፣ ከጎኗ ባለው ጠባብ ቦታ አልጋው ላይ ወጣችና ልጇን አቅፋ ተኛች። ነርሷ መርፌዋን ይዛ ስትገባ እናቲቱ አልጋ ላይ መውጣቷን አየች፤ ክልክል ነው ልትል ጀምራ ተወችው፣ በወዲያ በኩል ዞራም መርፌውን ሰጠቻት።